ሸሚዙ የውሰት ነው

አዘዞ፣ ከካምፑ አጥር ማዶ፣
በሩ በጥቁር ጨርቅ ተጋርዶ፣
አንድ የጭቃ ቤት ነበር፤
ሃምሳ ሳንቲም ከፍሎ የሚገባበት
ፈቃድ የወጣ ወታደር፣
ከትምህርት የፎረፈ ተማሪ፣
ፈረሱን ደጅ ያሰረ ባለጋሪ።

ቴሌቪዥኑ ከፊት፣ ዳንቴሉን ለብሶ፤
አዛናው ከጎኑ፣ በትሩን ይዞ፣ ጉሮሮውን አርሶ።
ህንድኛ አያውቅም፤
«ያውቃል» ያለውንም ሰው አላረመም።
አፋቸውን ያያል፣ ዓይናቸውን ያያል፣
ከዚያ ለእሱ የመሰለውን ይላል።
ክፉው ሰውዬ እንደ ወፍጮ ቤቱ ጌታ ያንጓጥጣል፣
እናትየዋ በደምቢያ ሙሾ ታለቅሳለች፣
ልጅቷ ስትኮራ የቸቸላ ልጅ ትሆናለች።
ዘፈኑ ሲመጣ ብቻ
«ይኸንስ እናንተም ትሰሙታላችሁ» ብሎ
ውሃውን ይጠጣል።

አንድ ቀን፣ ዋናው ልጅ ገደል አፋፍ ቆሞ፣
ጩቤው ደረቱ ላይ፣ ቤቱ ሁሉ ታምሞ፣
አዛናው በትሩን ጣለና
በልጁ አፍ ጮኸ፦

«ግደለኝ! ግን ቀስ በል፤
ሸሚዙ የውሰት ነው!»

ሳቁ ቆርቆሮውን አነሳው።
ከፊቴ የነበረው ወታደር ግን ወዲያው ዝም አለ፤
የራሱን ኮሌታ ዳሰሰው።

እኔ የዚያን ቀን አልከፈልሁም።
በጓሮ፣ በአጥሩ ቀዳዳ ሾልኬ ነው የገባሁ፤
ከጋቢዬ ሥር የአጎቴ ቴፕ፣
ቀዩን ቁልፍ ተጭኜ፣ ትንፋሼን ይዤ ቀዳሁ።

ቪዲዮ ቤቱ ፑል ቤት ሆነ፤ ፑል ቤቱ የሞባይል መጠገኛ።
አሁን ሁሉም ቪዲዮ ቤቱን በኪሱ ይዞ ይዞራል፤
ብቻውን ይገባል፣ ብቻውን ይስቃል፣
የጎረቤቱን ጉልበት ሳይነካ ይወጣል።

ባለፈው ክረምት፣ መብራት ሄዶ ሲመጣ፣
ሻማ ስፈልግ ያ ካሴት ወጣ።
አሥራ አንድ ሰከንድ ቆረጥሁ፤
ማታ ለቅቄው ተኛሁ፤
ጧት የአዛናውን ድምፅ ከባጃጅ ውስጥ ሰማሁ።

በግንቡ ሥር ሙሽሮች አፋቸውን ያንቀሳቅሱበታል፤
ማራኪ፣ ዶርም ውስጥ፣ ተማሪው ፎጣ አገልድሞ ይሞትበታል፤
የአራዳዋ ሽንኩርት ሻጭ ዋጋ ለሚከራከራት
«ግደለኝ፣ ግን ቀስ በል!» ትለዋለች።
የእህቴ ልጅ ቀኑን ሙሉ ስትለው ውላ
«ውሰት ምንድን ነው?» አለች።

አራት መቶ ሺህ ሰው ተከተለኝ።
ሳሙና ፋብሪካ ደወለ፤ ከፈለኝ።
«ድምፁ የማን ነው?» ብሎ አንድ ሰው ጻፈ።
ልብ ላክሁለት፤
ጥያቄው ቁልቁል ወርዶ አለፈ።

ቅዳሜ፣ ፒያሳ፣ ፀጉር ቤት፣
ግማሽ ራሴ ተላጭቶ፣
አንድ ሽማግሌ ገባ፣
የጥበቃ ካፖርት ደርቦ፣ ከዝናብ ሸሽቶ።
ከመስተዋቱ ሥር ስልኩ ጮኸ፦ «ግደለኝ!…»
አዛናው ባለበት ቆመ።
«ይኸ እኮ እኔ ነኝ» አለ።

«አባቴ፣ ሁሉም እንዲሁ ይላል፤ እስቲ ይበሉትና እንስማ!»
ደረቱን ነፋ።
በትር በሌለው እጁ አየሩን ጨበጠ።
«ግደለኝ…» ብሎ ሳል ያዘው፤
ቀሪውን ሳሉ ዋጠ።
ፀጉር ቆራጩ ልጅ
ቶንዶሱን ወደ አንገቴ እየመለሰ
«አልመሰለም» አለ።

በመስተዋቱ ውስጥ አየሁት።
አፌን ከፈትሁ።
ዘጋሁት።

ዝናቡ ሲያባራ፣ በሩ ላይ ዞር ብሎ፣
ማንንም ሳያይ፦
«ልጁ እኮ አልሞተም» አለ፤
«መጨረሻውን አልሰማችሁም።»

ካሴቱ እዚያ ላይ ነው ያለቀው።
መጨረሻውን እኔም አላውቀው።
ኪሴን ዳበስሁ፤ ሃምሳ ሳንቲም የለም፤
ዛሬ ማን ሳንቲም ይይዛል?

ልጁ ፎጣውን አራገፈና
«ሸሚዝህ ላይ ፀጉር ወድቋል» አለኝ።
አዲስ ነበር፤ በሳሙናው ብር የገዛሁት።
አንድ በአንድ፣ በጣቴ፣
ቀስ ብዬ አነሳሁት።